ጀልባው ወለል ላይ የተንፈራፈርኩበት ጠዋት

እህቴ ይህን ጉዳይ በየሰርጉና በየክርስትናው ታወራዋለች። የምታወራው እኔ በሌለሁበት ነው፤ ግን ጆሃንስበርግ ለእኛ ሰው ትንሽ ከተማ ናት፣ ሶዌቶ የተወራ ሳይመሽ ዮቪል ይደርሳል። በእሷ አነጋገር፣ በልጇ ትዳር ቀንቼ ባሕር መሐል፣ አማቶቿ ፊት፣ እንደተለከፈ ሰው ተንፈራፈርኩ። መንፈራፈሬ እውነት ነው። የቀረውን እኔ ልናገር።

ልጅቷ ያደገችው እኔ ጋ ነው። እናቷ ዛንድስፕሩት ሱቅ ስትከፍት፣ ሰፈሩ ለሴት ልጅ አይሆንም ብላ ዮቪል እኔ ቤት ተወቻት፤ ካደገች በኋላ ነው «ልጄ» ማለት የጀመረችው። የሚጥል በሽታዋን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ዱቄትና ዘይቱ መሐል ስትወድቅ። ሐኪም ቤት የወሰድኳትም እኔ ነኝ። ከመውደቋ በፊት ምልክት ነበራት፤ ከንፈሯን ታጣጥማለች፣ የግራ አውራ ጣቷን በሌባ ጣቷ ታሻለች። መድኃኒቷን በሰዓቱ ከወሰደች ግን እንደማንኛውም ሰው ናት። እናቷ በሽታውን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ድካሟ» ነበር የምትለው።

ከዚያ የሚያገባት መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፣ በእሱ ላይ የምለው የለኝም። እዚሁ ያደገና ባሕር የሚወድ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለቱ ቤተሰብ ይተዋወቅ ብሎ፣ እናቱንም ጨምሮ፣ ዶልፊኖች ወደሚገኙበት የናታል ሰሜን ጠረፍ ወሰደን። ቀኑን ሙሉ ተጉዘን ደረስን። ለእኛ ለሴቶቹ አንድ ክፍል ተያዘልን። ዕቃ ስናስገባ የልጅቷን ቦርሳ አየሁና እህቴን ወደ በረንዳው ጠራኋት።

«ክኒኗ የት አለ?»

«ቤት።»

«ምን ማለት ነው ቤት?»

«ሴትዮዋ ከእኛ ጋር ነው የሚያድሩት። አይተው ‹ይሄ የምንድን ነው› ቢሉ ምን ልበል? ጠበሏን ይዤላታለሁ፣ ምንም አትሆንም።»

«አብደሻል?»

«እትዬ፣ የራስሽን ቤት ማቆም ስላቃተሽ የልጄን አታፍርሺ።»

ባሌ ጥሎኝ ከሄደ ጀምሮ፣ እህቴ ክርክር ሊያልቅባት ሲል የምታወጣው ይህችን ነው። ልጅቷን ለብቻዋ ጠየቅኳት። «አክስቴ፣ በናትሽ፣ እሁድ እንመለስ የለ?» አለችኝ። ዓይኔን አላየችም።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል የጎማ ጀልባ ላይ ወጣን። ሰማዩ እንደ አመድ ነበር፤ ውኃው ገና ከዳር ሲያንገላታን ቆየ። የጀልባዋ ነጂ ፀሐይ ቆዳዋን ያከሰለው ነጭ ሴት ናት። ከመነሳታችን በፊት የጠየቀችውን ልጁ ለእናቱ ወደ አማርኛ መለሰላቸው፤ «ልብ፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ያለበት አለ ወይ ነው የምትለው።»

እህቴ ሳቀች። «እኛ ቤት? ጉንፋን እንኳ መንገዱ ይጠፋዋል!»

የልጁ እናትም ሳቁ። ልጅቷ እኔን አይታ በትንሹ ራሷን ነቀነቀች፣ አትናገሪ ማለቷ ነው። ከጎኗ ካልተለየሁ ይበቃል ብዬ እኔም የመንሳፈፊያ ጃኬት ለበስኩ። በዚህ ዕድሜዬ መነጽርና ቱቦ ፊቴ ላይ አስሬ ባሕር ውስጥ የገባሁት ዶልፊን አምሮኝ አይደለም።

ከሥሬ ኮራል የሚሉት የባሕር ድንጋይ ቢጫና ሐምራዊ ሆኖ ይታየኛል፤ ትንሽ ራቅ ሲል ድንጋዩ ያልቅና ሰማያዊው ወደ ጥቁር ይገባል። ዶልፊኖቹ የመጡት ከዚያ ጥቁር ውስጥ ነው። መጀመሪያ ድምፃቸው፣ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ የሚል፣ ከዚያ ግራጫ ጀርባቸው። አንዱ ጎኑ ላይ ረጅም ጠባሳ ነበረው። ልጅቷ ሥር በጀርባው ተገልብጦ ሲያልፍ በአንድ ዓይኑ አያት። ጃኬቷ ወደ ላይ ባይዛት ኖሮ ተከትላው በሄደች ነበር።

«አክስቴ! አየሽው? አየኝ እኮ!» አለች ቱቦውን ከአፏ አውጥታ። ያን ሳቋን ከልጅነቷ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

ጀልባው ላይ ተመለስን። ዶልፊኖቹ ወደ ጥልቁ ዞሩ፤ ነጂዋም ተከተለቻቸውና ሞተሩን አጠፋች። ልጁ ቀድሞ ዘሎ ገባ። «ጃኬቱን አውልቂው፣ በእሱ መጥለቅ አይቻልም!» ብሎ ከውኃው ውስጥ ጠራት። ልጅቷ ማሰሪያውን መፍታት ጀመረች። ያኔ ከንፈሯን ስታጣጥም አየሁ። ጃኬቱን ከላይዋ አውጥታ ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ አውራ ጣቷን እያሸች።

«ልጄ፣ ነይ ወደዚህ።»

አየችኝ፤ ግን ከኋላዬ ያለ ነገር የምታይ ይመስል ነበር።

«ተያት!» አለች እህቴ። «ዛሬ እንኳ ተያት!»

«ምን ሆና ነው?» አሉ የልጁ እናት።

ልጅቷን በክንዷ ያዝኳትና በሌላው እጄ ነጂዋን ጎተትኩ። የእኔ እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፤ ዳቦ፣ የስልክ ካርድ፣ መልስ። ለዚህ ቃል የለኝም፤ የሚተረጉምልኝ ልጁም ውኃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጀልባው ወለል ላይ ተኛሁ። ጣቶቼን ጨበጥኩ፣ ዓይኔን ገለበጥኩ፣ እጅና እግሬን አንቀጠቀጥኩ፣ ከዚያ ወደ ልጅቷ ጠቆምኩ። ነጂዋ ወዲያው ገባት። የልጅቷን የእጅ አንጓ ጨብጣ ከጫፉ ወደ ውስጥ ሳበቻት፣ ልጁንም ውጣ ብላ ጮኸች።

«ሰይጣኑ እሷ ላይ ነው ያለው፣ እሷ ላይ!» አለች እህቴ ወደ እኔ እየጠቆመች። ልትስቅ ሞከረች።

የልጁ እናት ልጅቷን ዝግ ብለው ጠየቋት፣ «እውነት ነው?»

«አዎ» አለች።

አልወደቀችም። እህቴ አፏን የምትከፍትብኝ በዚህ ነው። ጣቷ ቀስ በቀስ ቆመ፣ ዓይኗ ተመለሰ፣ ወደ ዳር እስክንደርስ ደህና ነበረች። ታዲያ ምን ይዤ ልከራከር? ያየሁትን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሽማግሌ አልመጣም። የልጁ እናት መኪና ውስጥ ለእህቴ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ «የእግዜር በሽታ ማን ቤት የለም? ሳቅሽ ነው የከበደኝ።» ይህን እህቴ ስታወራ አትጨምረውም።

ከመሄዳችን በፊት አሸዋው ላይ ከልጅቷ ጋር ተቀምጠን ነበር።

«ብትተዪኝ ኖሮስ?» አለችኝ።

«ታች ትቀሪ ነበራ።»

ባሕሩን አየች። «ደስ ብሎኝ ነበር» አለች።

አሁን ጆሃንስበርግ የለችም። ለማናችንም ሳትነግር ሄዳ አንድ የባሕር ጠረፍ ከተማ ሥራ ይዛለች፤ ጠዋት ጠዋት ትዋኛለች አሉ። እናቷ ለዚህም የምትወቅሰው እኔን ነው። መድኃኒቷን ትውሰድ አትውሰድ የሚነግረኝ የለም፤ ስደውል አታነሳም። ፎቶዎቿን ግን በስልኬ አያለሁ። ሁልጊዜ ውኃ ነው፣ ጃኬት የላትም። አጠገቧ ሰው እንዳለ ለማወቅ ፎቶውን አሰፋና ዳር ዳሩን እፈልጋለሁ፣ ጥላም ቢሆን፣ የሌላ ሰው ፎጣም ቢሆን። እስካሁን ያየሁት የራሷን ክንድ ነው፣ ስልኩን ወደ ፊት ዘርግታ የያዘችበትን።