ውኃ የማያስገባው ቦርሳ

ታናሽ እህቴ ከድሬዳዋ መጥታ ጅቡቲ፣ ባልባላ ሰፈር እኔ ቤት ሦስት ሳምንት ከተቀመጠች በኋላ፣ በጀልባ ወደ የመን ልትሻገር ቁርጥ አደረገች። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አልሰማችኝም። የማያስፈልገውን ዕቃ ለሰው ሸጬ የማድር ሴት፣ የገዛ እህቴን «ቅሪ» ብዬ ማሳመን አቃተኝ። ስለዚህ ቦርሳ ልሰፋላት ተነሳሁ።

ካርቲየ ሁለት ገበያ ውስጥ የጠረጴዛ ላስቲክ በሜትር እሸጣለሁ። ሎሚ ከታተመበት ላይ ቆረጥኩ። ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ ትይዝበታለች ተባብለናል። ሁለታችንም የምናስበው ግን ስለ አንዲት ወረቀት ነበር፤ የእኔ ስልክ የተጻፈባት። እህቴ ቁጥር በቃሏ መያዝ አይሆንላትም። ወረቀቷ ከራሰች፣ ማዶ ስትወርድ የምትደውልለት ሰው የላትም።

ላስቲክ ጨርቅ አይደለም፤ መርፌ አንዴ የበሳው አይደፈንም። ስለዚህ በስፒል ፋንታ በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት፤ የስፌት መኪናው ላይ እንዳይጣበቅ ጋዜጣ ደረብኩበት። ዚፑን ገጠምኩ፤ በግልባጩ ዙሪያውን ሰፍቼ ጨረስኩ። ለካስ ዚፑን ሳልከፍት ኖሯል! ቦርሳው የሚገለበጠው በዚፑ አፍ ነው።

እህቴ አየችውና «እትዬ፣ ይሄ ውኃ ብቻ ሳይሆን ሳሙናም አያስገባም» አለች።

ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። የመጀመሪያው ስፌት ቀዳዳዎች ግን ቀሩ። ወረቀት ከትቼ ሳፋ ውስጥ ብደፍቀው ውኃ ገባበት። ሻማ አቅልጬ ቀባሁት፤ የጅቡቲን ሐምሌ እያወቅኩ! ቀትር ላይ ሻማው ተመልሶ ውኃ ሆነ። ወደ ዶራሌ ወደብ በሚወስደው የጭነት መኪና መንገድ ዳር የአገሬ ልጅ የሆነ ጎሚስታ አለ፤ ወሰድኩለት።

«እማማ፣ ይሄ ደግሞ የምን ጎማ ነው?»

«የእህቴ ነው። በባሕር ልትሄድ ነው።»

ሳቁን ዋጠ። የጎማ ማስቲሹን ስፌቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቀባበት፤ እጄን ገፍቶ ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ቤት ገብቼ ደፈቅኩት። ወረቀቷ ደረቅ ወጣች። እህቴ በሩ ላይ ቆማ «እህስ?» አለችኝ።

«ያፈሳል። ነገ ሌላ እሰፋልሻለሁ።»

ዕድሜዬን ሙሉ የሚያፈሰውን «ጠብታ አያሳልፍም» እያልኩ ሸጫለሁ። ደህናውን ያፈሳል ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እጇን ከተተች። ወረቀቷን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችና መልሳ አስቀመጠቻት።

«አንቺ ነጋዴ» አለችኝ። ዚፑን ዘጋች። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጀልባው የሚወስዳት ሚኒባስ ድረስ ሸኘኋት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ፣ ቦርሳሽ አላፈሰም።»

«ተመስገን! ሌላው ዕቃሽስ?»

«ሌላ ዕቃ የለም። ጀልባዋ ተገልብጣ ነበር። አብረውኝ የተሳፈሩት ሴቶች ቦርሳው ውኃ አያስገባም ስላቸው ወረቀታቸውን ሰጥተውኝ ነበር፤ የቤተሰቦቻቸውን ቁጥር። የአራቱ ወረቀቶች ባለቤቶች ከባሕሩ አልወጡም። እኔ እዚህ መደወያ የለኝም፤ ይሄም የሰው ስልክ ነው። ላንብብልሽ፣ አንቺ ጻፊ።»

ወረቀት ብፈልግ አጣሁ። ከቦርሳው የተረፈውን የሎሚ ላስቲክ ገልብጬ በነጩ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። ቀለም ላስቲክ ላይ ቶሎ አይደርቅም። እንዳይፋቅብኝ እጄን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ አራቱም እስኪደርቁ ጠበቅኩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቁጥር ደወልኩ።