የዳባቱ አደራ

ጎረቤቴ ሰላም ባለፈው ሳምንት ከባሏ ጋር ስሜን ተራራ ተዝናንታ ስትመለስ በላስቲክ ጦስኝ ቋጥራ አመጣችልኝ። ስልኳን ከፍታ ጨነቅ የሚባለው ቦታ ላይ ከጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጋር የተነሳችውን ፎቶግራፍ ስታሳየኝ፣ ዓይኔ ስልኩ ላይ ቢሆንም ሐሳቤን የያዘው የላስቲኩ ሽታ ነበር። «ሻይ ላይ ጣል ያድርጉበት እማማ፣ ለጉንፋን ፍቱን ነው» አለችኝ። መርቄ ሸኘኋትና በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ጦስኝ አሽትታ የምታለቅስ አሮጊት ከእኔ በቀር ያለች አይመስለኝም።

እኔም እኮ በዚያ መንገድ ተዝናንቼ ነበር፣ ያውም በደርግ ጊዜ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ከጌታሁን ጋር ከተጋባን ገና ዓመታችን፣ ሁለታችንም ባሕር ዳር አስተማሪዎች ነን። ጫጉላችን በስብሰባና በዘመቻ አልቆ ስለነበር ጌታሁን የጥር ዕረፍት ሲደርስ የወንድሙን ሰማያዊ ቮልስዋገን ለምኖ፣ የቤንዚን ኩፖን ከዚህም ከዚያም አጠራቅሞ፣ «ጣናን ዞረን ስሜንን ሳናይ ብናረጅ ይቆጨናል» አለኝ። የቀረው የይለፍ ወረቀት ብቻ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር «ሽርሽር የሚባል ምክንያት የለም፣ ሌላ አምጡ» ብሎ መለሰን፤ ብንለምነው ጊዜ ራሱ «ዘመድ ጥየቃ፣ ደባርቅ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት። ደባርቅ ውስጥ እንኳን ዘመድ የምናውቀው ውሻም አልነበረንም።

ዛሬ ያስቃል። ያኔ ግን ሁለት ወር ቀደም ብሎ የታሪክ አስተማሪው ጓደኛችን መሳቢያው ውስጥ በተገኘች አንዲት ወረቀት የተነሳ ከመምህራን ክፍል ተጠርቶ ወጥቶ አልተመለሰም ነበርና፣ ሐሰት የተጻፈበት ወረቀት በደረት ኪስ ይዞ መንገድ መግባት ቀላል ነገር አልነበረም። ኬላ በደረስን ቁጥር ወረቀቱን አውጥተን በመስኮት እናቀብላለን። ካለፍን በኋላ ጌታሁን ያፏጫል፣ እኔ እስቃለሁ፣ ደግሞ ሌላ ኬላ ይመጣል።

የሆነው ሆኖ ደስ ብሎን ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። በፎገራ ሜዳ ላይ ስንነዳ ሐይቁ በስተግራ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ጎርጎራ ዳር አድረን የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን ዓሣ አጥማጆች ስናይ አረፈድን፣ የተጠበሰ ዓሣ በእጃችን በልተን ጣታችንን ሐይቁ ውስጥ ታጠብን። ጎንደርን አልፈን ኮሶዬ ስንደርስ መኪናውን አቆምንና ገደሉን ቁልቁል አየን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጌታሁን ከወንድሙ የተዋሰውን ካኪ ኮት እስከ አንገቱ ቆለፈና «አሁን ሰው መሰልኩ?» አለኝ። «ካድሬ መሰልክ» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው!

ዳባትን ወጣ እንዳልን አንድ ሽማግሌ ቄስ ከመንገዱ ዳር መስቀላቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙን። ቄስ እያየ ማን ያልፋል? ወርደን መስቀል ተሳልመን አስገባናቸው። ጌታሁን በመስታወቱ እያያቸው «ዘመድ ተገኘ» ብሎ ጠቀሰኝ። አባ ከኋላ ተቀምጠው፣ በነጭ ነጠላ የተቋጠረ ነገር ጭናቸው ላይ አቅፈው፣ ካኪውን ኮት እያዩ «ጌታው በሥራ ነው የሚወጡ?» ብለው ጠየቁ። «ዘመድ ልንጠይቅ ነው አባ» አለ ጌታሁን። ውሸቱን ለቄስም ሳይቀር ነገርናቸው። እሳቸውም ሌላ ነገር ሳይጠይቁ የክርስትና ስማችንን ብቻ ጠየቁን፣ በጸሎት ሊያስቡን። ወለተ ሥላሴ አልኩ። ገብረ መድኅን አለ እሱ። ሁለት ሦስት ጊዜ በአፋቸው መላልሰው ያዙት።

ደባርቅ ሊቀርብ ሲል «እዚህ ላይ አውርዱኝ» አሉ። የይለፍ ወረቀት ስለሌላቸው ኬላውን በአቋራጭ ሊዞሩት ነው፤ አቋራጩ ደግሞ ገደል ስለሆነ ሸክም ይዘው አይወጡትም። ቋጠሮውን በመስኮት በኩል ለእኔ አቀበሉኝ። «ይችን አደራ ልጄ። ነገ ጠዋት ከገበያው በላይ ካለው ትልቅ የወይራ ዛፍ ሥር እጠብቃችኋለሁ።» አንድ ነገር ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈቱና የጌታሁንን ኮት አይተው ተዉትና መንገዳቸውን ያዙ። ካድሬም ቢሆን አደራ አይበላም ብለው ይሆናል።

መኪናው ሲነሳ ቋጠሮውን ጭኔ ላይ ዳሰስኩት። ዳር ዳሩ ልስልስ ያለ ነው፣ ዳቦ ዳቦ፣ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል። መሐሉ ላይ ግን አራት ማዕዘን የሆነ ጠንካራ ነገር አለ።

«ወረቀት ይሆን?» አልኩ። ጌታሁን ፊቱ ልውጥ አለ። በዚያ ዘመን ጫካ የገቡትን አማፅያን ጽሑፍ በዳቦ ውስጥ የሚያሻግር እንዳለ ሁሉም ያወራል። «ፍቺውና እይው» አለኝ። እንዴት አድርጌ ልፍታው! የሰው አደራ አይፈታም፣ ያውም የቄስ፤ ንዋየ ቅድሳት ቢሆንስ፣ በምን እጄ እነካዋለሁ? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። «ከፈታሁት እግዜር ይቀሥፈኛል» አልኩት። «ካልፈታሽውስ ማን እንደሚቀሥፈን ታውቂያለሽ?» አለኝ። መታጠፊያውን ስንዞር በርሜሎቹና ወታደሮቹ ከሩቅ ታዩ። የታሪክ አስተማሪው ከወንበሩ ሲነሳ የነበረው ፊት በጌታሁን ፊት ላይ መጣብኝ። ትንሽ ድልድይ ላይ ስንደርስ መስኮቱን አወረድኩና ቋጠሮውን ወደ ገደሉ ወረወርኩት። አደራ አይፈታም ያልኩት እኔ ነኝ፣ የወረወርኩትም እኔው። ጌታሁን እንዳላየ ሆነ።

ኬላው ላይ አንድ በብርድ የተኮማተረ ወታደር ወረቀታችንን ገረፍ አድርጎ አየና «ከጣና ነው የመጣችሁ? ምነው ታዲያ ዓሣ አልያዛችሁልን!» ብሎ ስቆ አሳለፈን። የመኪናውን ውስጥ እንኳ አላየም።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም። ጠዋት «ኬላ ላይ ተወሰደብን እንበላቸው» ብለን ተማክረን ከገበያው በላይ ወጣን። ወይራው የቆመው ለካ ከእስር ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። ሴቶች አገልግልና ሰሐን ይዘው ለእስረኛ ስንቅ ሊያስገቡ ተሰልፈዋል። አባ በሰልፉ መሐል ባዶ እጃቸውን ቆመዋል። ሰማያዊዋን መኪና ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ከሰልፉ ወጥተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ሮጥ ሮጥ እያሉ ወደ እኛ መጡ። በሩ ላይ የቆሙት ጠባቂዎች ደግሞ ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ። «ንዳው!» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ጌታሁን ነዳው። ዞር ብዬ ሳይ አባ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመው ነበር።

ስሜንን አላየንም። ወደ ጎንደር ስንመለስ ጌታሁን ድልድዩ ላይ አቁሞ ገደሉን ወረደ። ዳቦውን ቁራ ጨርሶታል፣ ጦስኙ ድንጋዩ ላይ ተበትኗል። ይዞት የወጣው በቆዳ ማኅደር የገባ ዳዊት ነበር። መጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም «ለልጁ ለወልደ ሚካኤል አባቱ ያጻፈለት» ይላል። ደባርቅ ከዚያ ቢበዛ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ጌታሁን ወደ ኋላም ወደ ፊትም አየና እኔን ጠበቀ። ዳዊቱን ተቀብዬ ከመቀመጫው ሥር ሸሸግሁና «ሰው ፈልገን እንልክላቸዋለን» አልኩ።

ደርግ እንደወደቀ ብቻዬን ሄድኩ። ወይራው አለ። ግን ማንን ልጠይቅ? እሳቸው ስማችንን ሲጠይቁን እኛ የእሳቸውን አልጠየቅንም። በእጄ ያለው የልጃቸው የክርስትና ስም ብቻ ነው፤ የክርስትና ስም ደግሞ ከወላጅና ከንስሐ አባት በቀር ማን ያውቀዋል? በየቤተ ክርስቲያኑ ስጠይቅ ሦስት ቀን ከርሜ ተመለስኩ።

ጌታሁን ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ። ስለዚያ መንገድ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም ነበር፣ ሊሞት ሰሞን ግን «ዳዊቱ አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። ዛሬም አለ፣ ነጠላ አልብሼው። ጠዋት ጠዋት አነበዋለሁ፣ ስም በሚጠራበት ቦታ ላይ የራሴን ትቼ «ለገብርከ ወልደ ሚካኤል» እላለሁ። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ከሁሉ የሚከፋኝ ግን ሌላ ነው። እኒያ ሽማግሌ በቆዩበት ዘመን ሁሉ፣ ጠዋት ለጸሎት በቆሙ ቁጥር፣ ወለተ ሥላሴንና ገብረ መድኅንን ሳይጠሩ እንዳልቀሩ አውቃለሁ። እሳቸው አደራ አይበሉም።