ምድጃው የሚተነፍስበት

እማማ ቀዳዳ የመጡት ማክሰኞ ነበር፤ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን። አይ፣ ረቡዕ መሆን አለበት። ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና በመስኮቱ ሥር ሲያቃስት ትዝ ይለኛል፤ እሱ ደግሞ ከረቡዕ በቀር መጥቶ አያውቅም። ቀኑን ባልይዘውም ብርዱን አልረሳውም። እናቴ ካልሲ በካልሲ ደርባ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ የብረት ምድጃው አጠገብ ተኮራምታ ትውል ነበር።

ድሮ ወር የሚያደርሰው አንድ ጆንያ ከሰል ያን ዓመት ወሩ ሳይጋመስ ያልቅ ጀመር። ታላቅ እህቴ ታከታትና «በቃ፣ በዚህ ሳምንት መጥቼ እኔ ጋ እወስዳታለሁ» አለች። የእናቴ ልብስ በሻንጣ ተከቶ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። እናቴ ግን መሄድ አልፈለገችም። «የሰው ቤት ሙቀት አይሞቀኝም» ትላለች። ልጇ ባዕድ ሆናባት አይደለም፤ በዚያ ክፍል አርባ ዓመት ኖራለች።

እኔስ የተማረ ልጅ አይደለሁ? ጋዜጣ እየጠቀለልኩ ያገኘሁትን ቀዳዳ ሁሉ ወተፍኩ። ብርዱ ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም እናቴን ራስ ምታት ጀመራት። እርጅና ነው አልን።

በመጨረሻ ጎረቤት «እማማ ቀዳዳን ጥራ» አለኝ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም ያውቁታል፣ አይከፋቸውም። ሠላሳ ዓመት ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ብርድ ሲገባ ቤት ለቤት እየዞሩ ንፋስ ይደፍናሉ። ለምን እንዲህ እንደሚለፉ የጠየቃቸው ያለ አይመስለኝም፤ ሰው ለሚያገለግለው ሰው ጥያቄ የለውም።

«ኧረ ይሄ ቤት ነው ወይስ ወንፊት?» እያሉ ገቡ።

«ወንፊትስ የሚይዘው አያጣም» አለች እናቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

የእጃቸውን ጀርባ በውሃ አርሰው በመስኮቱ ጠርዝ፣ በግድግዳው፣ በወለሉ ጥግ በዝግታ አሳለፉት። እርጥብ ቆዳ ንፋስን ቶሎ ያውቃል። የኔን ጋዜጣ ነካ እያደረጉ «ይሄ ለምንም አይረባ። ይሄም አይረባ» ይላሉ። ንፋሱ የሚገባው ከበሩ ሥርና ከአልጋው ግርጌ ካለው የወለል ስንጥቅ ነበር፤ ጎንበስ ማለት የታከተኝ ቦታ ሁሉ።

ከምድጃው ኋላ ሲደርሱ ቆሙ። ግድግዳው ላይ ቡጢ የሚያህል ክብ ቀዳዳ አለ። እሱንም ጠቅጥቄዋለሁ።

«ይሄን ማነው የደፈነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ንፋስ ያስገባ ነበር።»

«ያስገባ እንጂ! ምድጃው በምን ይተንፍስ? እናትህን ልትገድል ነው እንዴ?» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ጋዜጣውን መዝዘው መዝዘው አወጡትና ወደ እናቴ ዞሩ። «ራስሽን ያምሻል?»

«ሁለት ሳምንቴ።»

«የከሰሉ መርዝ ነው። አይታይ፣ አይሸት።»

 የወለሉን ስንጥቅ በብጣሽ ጨርቅ ሞልተው ሲጨርሱ «የማትለብሺው ወፍራም ልብስ የለሽም? ለበሩ» አሉ። እናቴ እያቃሰተች ተነስታ የአባቴን ካፖርት ከሚስማሩ አወረደች። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ካፖርቱን ማንም እንዲነካው ፈቅዳ አታውቅም።

«ይቆረጥ? አይቆጭሽም?»

«ዕድሜውን ሙሉ ውጭ ሲያመሽ ኖረ። አሁን በሩ ላይ ይተኛልኝ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ የደከመ ሳቅ። የካፖርቱ እጅጌዎች ተቆርጠው፣ ብጣሽ ታጭቆባቸው፣ ጫፍ ለጫፍ ተሰፍተው በሩ ሥር ተጋደሙ።

እህቴ ከሰዓት በኋላ ልትወስዳት መጣች። ስላመጣችው መኪና፣ ስላዘጋጀችው አልጋ ስታወራ ቆይታ ሳታስበው የሹራቧን ቁልፎች ፈታች። እናቴ አየች። እኔም አየሁ።

«ከሰሉ ዛሬ ስንቴ ተጨመረ?» አለች እህቴ።

«ጠዋት ብቻ» አልኳት።

እህቴ ሻንጣውን ብዙ አየችው። «እሺ፣ እስቲ ይሄ ወር ይለፍ» አለች በመጨረሻ። እናቴ አንዱን ብርድ ልብስ ከትከሻዋ አወረደች።

እማማ ቀዳዳ መቀሳቸውን ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱ፤ ሌላ ቤት ይጠብቃቸዋል። ሸኘኋቸው። ደፉን ተሻግረው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳዞሩ «አትዘን ልጄ» አሉኝ። «እኔም አንዴ የምድጃዬን ቀዳዳ ደፍኜው ነበር። እሱን ብርድ እንዳይነካው ብዬ። አልነጋለትም።»

«ማንን?» ልላቸው አፌን ስከፍት እናቴ ከውስጥ ጮኸች። «በሩን ዝጋ እንጂ፣ ሙቀቱ ወጣ!»

ዘጋሁት። መልሼ ከፍቼ ስወጣ እማማ የመንገዱን ጥግ ታጥፈው ነበር።