ወገን ያላቸው ድስቶች

በጭሮ ከተማ ዘውድነሽ አያናን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ድግስ ተጠርቶ አያውቅም። ሠርግ ቢሆን፣ ምርቃት ቢሆን፣ የመሥሪያ ቤት ስልጠና ቢሆን፣ ሰው ተሰብስቦ በሚበላበት ቦታ ሁሉ ከጓዳው በኩል እሷ አለች። ትምህርቷን ያቋረጠችው ከሰባተኛ ክፍል ነው፤ ይህን ስትናገር ግን አታፍርም። «የቀረውን ከድስት ተማርኩት» ትላለች አፏን ሞልታ።

በእኛ አገር አንድ ድግስ ማለት ሁለት ድግስ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠራል፤ በአንድ ዳስ ይቀመጣል፣ አብሮ ይስቃል፣ አብሮ ይመርቃል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻም ይሠራል። ስለዚህ ከዘውድነሽ ጓሮ ሁለት ማድ ቤት አለ። የክርስቲያኑን ራሷ ታዛለች። የሙስሊሙን የምታዘው ጣሂራ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመት አብራት የሠራች፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ቅመም በአፍንጫዋ የምትለካ ሴት። የጣሂራ ድስቶች ጆሯቸው አረንጓዴ ተቀብቷል፣ የዘውድነሽ ቀይ።

በ2007 ዓ.ም. የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሐጂ አብዱልቃዲር ከሂርና መጡ። ሐጂ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ከተጠሪው እኩሌታው የድሮ ባልደረቦቻቸውና ተማሪዎቻቸው የሆኑ ክርስቲያኖች ናቸው።

«ስምሽን ሰምቻለሁ» አሉ ቆመው። «ግን አምና በአንድ ሠርግ ላይ ጭልፋ ተቀያየረና ሽማግሌዎች ሳይቀምሱ ተነሥተው ሲሄዱ አይቻለሁ። ሙሽራዪቱ አለቀሰች። የእኔ ልጅ እንድታለቅስብኝ አልፈልግም። በሠርጉ ሳምንት ስንት ድግስ ይዘሻል?»

«ከእርስዎ ጋር አራት። ሁለቱ እዚሁ ጭሮ፣ አንዱ ቦርደዴ።»

«ታዲያ የትኛው ድስት፣ የትኛው ቢላ የት እንደሚሄድ በምን ትይዢዋለሽ?»

«በጭንቅላቴ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ ልጄ። ጭንቅላት ይደክማል። ከጭንቅላት ሌላ የምታሳዪኝ ነገር ካለሽ በሦስት ሳምንት እመለሳለሁ። ከሌለሽ ሁለት አዘጋጅ እቀጥራለሁ፤ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ።»

ዘውድነሽን ያንገበገባት የአንድ ሠርግ መቅረት አልነበረም። ሥራ ቢቀር ሌላ ይመጣል። ሐጂ ግን ንግግራቸው የሚሰማ ሰው ናቸው፤ እሳቸው «ከአንድ ቤት ሁለቱን ማመን አይቻልም» ካሉ፣ ከጣሂራ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት የገነባችው ስም አለቀለት። ጣሂራም ይህ ስለገባት የዚያን ዕለት ማንንም አልተቆጣችም፤ ይኸውም በራሱ ያስፈራ ነበር።

በማግስቱ ዘውድነሽ ዕቃዋን በኮምፒውተር እንዲይዝላት ኤልያቄምን አስጠራችው። ኤልያቄም የፓስተር ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሮ ተመልሶ ገበያው አጠገብ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ከፍቷል። ሁለት ቀን ደብተር ይዞ ማድ ቤት ለማድ ቤት ዞረ፤ ከጻፈው የበላው ይበልጣል። በአምስተኛው ቀን ላፕቶፑን ከፍቶ በኩራት አሳያቸው።

«ይኸውና እትዬ ዘውድነሽ። ድስት ሠላሳ አራት፣ ጭልፋ ስድሳ፣ ቢላ ሃያ ሁለት። የሂርናን ሠርግ ልሙላው፤ አዩት? ሃያ ድስት ራሱ መደበልዎት።»

«የትኞቹን ሃያ?»

«ማንኛውንም ሃያ።»

በሩን ተደግፋ የቆመችው ጣሂራ «ሂን ታኡ!» ብላ ጮኸች፤ አይሆንም ማለቷ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ዘውድነሽ ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«አንተ ልጅ፣ ድስት ሁሉ ድስት መስሎሃል» አለችው። «የእኔ ድስት ወገን አለው።»

ከሰልና ካርቶን አስመጣችና መሬት ላይ ተንበርክካ ሁለት ክፍል ሣለች። ጣሂራም ተመልሳ ገባች። ዘውድነሽ በሁለቱ ክፍሎች መካከል በር አላደረገችም። ኤልያቄም እየተንተባተበ የጋራ የሚሆነው ምን እንደሆነ ጠየቀ። «ውኃ፣ ጨው፣ ማገዶ» አለችው ዘውድነሽ። «ሽንኩርትስ?» ሲላት ዘውድነሽና ጣሂራ ተያዩ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«ሽንኩርት በጆንያ እያለ የሁላችንም ነው» አለች ዘውድነሽ፣ ቀስ ብላ፣ እያሰበችበት። «ቢላ ከነካው በኋላ ግን የቢላው ወገን ይሆናል። ተመልሶ የጋራ አይሆንም።»

ኤልያቄም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ ፕሮግራሙ በሙሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። አራት ዓመት ተምሬ ይህን አላሰብኩትም።»

ከዘውድነሽ ፊት ደስታው አልተደበቀም። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ በገበያው መሀል ስታልፍ አረማመዷ ራሱ ተለውጦ ነበር። በየጠዋቱ አዲስ ካርቶን ትሥላለች፣ እሱ በየማታው ይጽፋል። ማተሚያው ጥቁር ብቻ ሲያትምና አረንጓዴና ቀዩ በወረቀት ላይ አንድ ሲሆኑባቸው፣ «የጣሂራን ክብ አድርገው፣ የእኔን አራት ማዕዘን፤ ፊደል ያልቆጠሩትም ሠራተኞቼ ያነቡታል» ያለችው እሷው ናት።

መጨረሻ ላይ ኤልያቄም አንድ ነገር አቀረበ። «የሥራው ባለቤት እርስዎ ስለሆኑ፣ ለእርስዎ ብቻ የሚከፍት የይለፍ ቃል ላስገባ። ሲቸግርዎ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያዛውራሉ።»

ዘውድነሽ ራሷን ነቀነቀች። «ሲቸግረኝ ምን እንደማደርግ በምን አውቃለሁ? ለእኔም ዝጋው።»

ሐጂ በቀጠሯቸው መጥተው ሁሉን አዩ። ክብና አራት ማዕዘን ያለበትን ወረቀት ደጋግመው አገላበጡ። ድስት ከወገን ወደ ወገን ማዛወርን ማሽኑ ለራሷ ለዘውድነሽም እንደማይፈቅድ ሲነገራቸው «በቀኑ እናያለን» ብለው ሥራውን ሰጧት።

ቀኑ የጥር የመጨረሻው እሁድ ነበር። እኩለ ቀን ላይ የሐጂ ግቢ ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ በዳሱ ራስ ተቀምጠው ገና እጃቸውን አልታጠቡም፤ የሐጂን ፊት ያያሉ። በዚህ መሀል ያልታሰበ ዘመድ በሁለት አይሱዙ ተጭኖ ከገጠር ከተፍ አለ። ጣሂራ ሩዝ መጨመር አለባት፤ አረንጓዴ ድስት ግን አልቋል። በቀዩ በኩል ደግሞ እሳት ያላዩ ሦስት አዳዲስ ድስቶች እያብረቀረቁ ተቀምጠዋል።

ከዘውድነሽ ሠራተኞች አንዷ፣ ውዴ የምትባለው፣ ተጠግታ አንሾካሾከች። «እትዬ፣ ምንም ያልነካው ድስት ነው። ጆሮውን አረንጓዴ ብንቀባው ማን ያውቃል?»

ኤልያቄም ላፕቶፑን ሞከረ። «አይቻልም» አለ ማሽኑ። ደግሞ ሞከረ፤ «አይቻልም»። ዘውድነሽ ድስቶቹን አየች፣ ዳሱን አየች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት እሷ ልትሆን አልፈለገችም። ሽርጧን አስተካክላ፣ ሴቶቹ ወደተሰበሰቡበት የሐጂ ጓዳ ሄዳ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «እባካችሁ ትልቅ ድስት አውሱኝ» አለች።

ለምግብ አዘጋጅ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። ወሬው ሐጂ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀም፤ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ድስት ሳትይዢ ነው የሰው ሠርግ የመጣሽው?»

ዘውድነሽ በእጇ አመለከተች። ሐጂ ሦስቱን ድስቶች አዩ።

«እነዚህስ? አዲስ አይደሉም?»

«አዲስ ናቸው ሐጂ። ግን በቀዩ በኩል ተመዝግበው ነው የመጡት። ማሽኑ አይፈቅድም።»

«አንቺስ?»

«እኔም አልፈቅድም።»

ሐጂ ወደ ጓዳ ገብተው የቤታቸውን ትልቅ ድስት ራሳቸው ይዘው ወጡ፤ አንዱን ጆሮ እሳቸው፣ ሌላውን ጣሂራ ይዘውት፣ በሰው ሁሉ ፊት ግቢውን አቋረጡ። ድስቱን ምድጃው ላይ ካስቀመጡ በኋላ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«በሉ ተነሡና እጃችሁን ታጠቡ» አሉ። «የዚህችን ሴት ማድ ቤት እኔ አልመረምርም።»

ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ጣሂራ ሩዙን እየገለበጠች ታለቅሳለች፤ ጭሱ ነው ትላለች። ዘውድነሽ ኤልያቄምን ትከሻውን ነካችው።

«ጻፍ» አለችው። «የሐጂ ቤት ድስት፣ አንድ፣ በአረንጓዴው በኩል።»