ጽሑፌን ከፍየል የጠበቀችልኝ ሴት

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ጌዶ ከተማ ሳለሁ ነው። ዘመኑ ርቋል፤ ነገሩን ሳስበው ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በጤና ጣቢያው ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነበርኩ። ቀበሌው በር ላይ ለሚለጠፈው የግድግዳ ጋዜጣ በየሳምንቱ አንድ ገጽ በእጄ እየጻፍኩ እሰጣለሁ። ያዘዘኝ የለም፤ ካልጻፍኩ ሳምንቱ የሞላ አይመስለኝም። አንብቤዋለሁ የሚል ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ስለተበላሸው የውሃ ቧንቧ ጻፍኩ። እናቶች ከወንዝ እየቀዱ፣ በተቅማጥ የታመሙ ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡብን ነበር። የጋዜጣው ኃላፊ፣ ውሃ በቀበሌው አህያ ተጭኖ ቤቱ ድረስ የሚመጣለት ካድሬ፣ ገጹን በመቀስ ቆርጦ «ልጆቻችሁን እጅ አስታጥቡ» የምትለውን መስመር ብቻ ለጠፋት። በየትኛው ውሃ? ልጠይቀው ብዬ አፌን ያዝኩ፤ ጊዜው እንደዚያ ነበር።

ሁለተኛ ላልጽፍ ማልኩ። በገበያ ቀን የቀረችውን ቁራጭ ልገነጥላት ሄድኩ።

ጋዜጣው የሚለጠፈው በዱቄት ሙጫ ስለሆነ የገበያ ፍየል አይምረውም። ስደርስ አንዲት ቅቤ ሻጭ በአርጩሜ ፍየሎች ታባርራለች። የካድሬውን ርዕሰ አንቀጽ ግማሹን በልተውታል፤ እሱን ዞር ብላም አላየችው። የምትጠብቀው የእኔን ጥግ ነው።

እጄን ስዘረጋ ፊቷን ቋጠረች። «ዲሲ፣ ተው ልጄ። መሠረተ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ በየገበያው የማነበው ይህን ሰውዬ ነው። ዛሬ ምነው አሳጠረው? ታሞ ይሆን?»

«አልታመመም እማማ፣ ቆርጠውት ነው። ሰውየው እኔ ነኝ» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ታዲያ የተቆረጠው ምን ይል ነበር?»

አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እሷም አጠገቧ ላሉት ሴቶች በኦሮምኛ ደገመችላቸው፤ እነሱም ለሌሎቹ። ካድሬው በመስኮት ያየናል። ፈርቻለሁ፤ ግን አላቆምኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ጻፍኩ። እሱም ቆረጠ። እሷም በገበያው ቀን መጥታ የተቆረጠውን ጠየቀችኝ። እንዲህ እያልን ከረምን።

ቧንቧው የተጠገነው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ የቀበርናቸውን ሕፃናት በስም አውቃቸዋለሁ፤ ካድሬውንም ይቅር አላልኩትም። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ በየሳምንቱ እጽፋለሁ። ስጽፍ አሁንም እናደዳለሁ፤ የምጽፈው ለዚያች ሴት እንደሆነ ሳስብ ግን እጄ አይዝልም።