እህል ቀምሼማ አልነካትም

የጤና ጣቢያው ሠራተኞች «አትንኩ» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። ከጎጃም ተመድቤ ሰቆጣ ዙሪያ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ የገባሁ ሰሞን፣ ገና ከሰው ጋር በቅጡ ሳልተዋወቅ፣ ጓንት ሳታደርጉ ደም አትንኩ፣ በጓንት የበር እጀታ አትንኩ፣ ማይክሮስኮፑን አትንኩ ማለት ጀመርኩና ስሙ ተለጠፈብኝ። አዋላጇ ጠዋት ሰላም ልትለኝ ስትመጣ «ልንካህ ወይስ ይቅር?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በስሙ እኮራበት ነበር። አሁን በዚያ ስም ሲጠሩኝ አንገቴን እደፋለሁ።

ላቦራቶሪውን የሚያጸዱልን አንዲት የአገሬው እናት ነበሩ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ከአገራቸው ሰው ጋር በኽምጣና ነው የሚያወሩት፤ ለእኔ ሲሆን አማርኛውን ቀስ እያሉ ይመርጡልኛል። ዓይናቸውን ለዓመታት ታመዋል፤ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌናቸውን ይወጋቸው ነበር። «ሰቆጣ ሄደው ይታከሙ፣ ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው» ስላቸው «አዝመራው ይግባ» ይላሉ። አዝመራው ሲገባ ጸበል ይሞክራሉ። ነገር ግን እኔንና እሳቸውን የሚያጣላን ዓይናቸው ሳይሆን ቆሎ ነበር። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን የገብስ ቆሎ፣ አክታ ከምመረምርበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ይቆረጥማሉ። «እማማ፣ እዚህ ክፍል እህል አይቀመስም!» ስል ከረምኩ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የአንዱ ኬሚካል ጠርሙስ ተሰነጠቀብኝ። የቆዳ ፈንገስ ለመመርመር የምንጠቀምበት ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ነው። መልኩ ውሃ ነው፣ ሽታ የለውም፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ይልጠዋል። ሌላ ጠርሙስ ፈልጌ አጣሁ። በእጄ የነበረው ምሳ ላይ የጠጣሁበት የውሃ ፕላስቲክ ብቻ ነው። በመጠጥ ዕቃ ኬሚካል አይቀመጥም፤ ይህንን በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ያም ሆኖ ገለበጥኩት። ስም እንዳልጽፍበት ማርከሬ ደርቋል። ነገ እጽፍበታለሁ አልኩ። ማንም ተሳስቶ እንዳይጠጣው ብዬ ፕላስቲኩን በነጭ ፋሻ ጠቀለልኩና ከሁሉ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ለብቻው አስቀመጥኩት።

«እማማ፣ ይቺን እንዳይነኳት» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩዋት። «እህል ቀምሼማ አልነካትም፣ ልጄ» አሉኝ።

ደስ አለኝ። የቆሎው ነገር ተመስገን ገባቸው ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ነገ ያልኩት ሦስት ቀን ሆነው። ፍልሰታም ገባ። አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ለሚያስሉ ሰዎች የአክታ ዕቃ እያደልኩ፣ እንዴት እንደሚተፋ እያሳየሁ፣ ከውስጥ የእማማ ድምፅ ይሰማኛል። በኽምጣና ያነበንባሉ። ቋንቋውን ባላውቅም ጸሎት መሰለኝ። ጸሎትም ነበር። ዕቃውን አድዬ ስጨርስ ገባሁ።

መሬት ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተጨፍነዋል፣ ዕንባቸው ይወርዳል፣ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰዋል። ፋሻው ተፈቶ፣ በሥርዓት ታጥፎ አጠገባቸው ተቀምጧል። ፕላስቲኩ ክፍት ነው።

«እማማ! ምን ሆኑ?»

«ዝም በል፣ ልጄ። ይፈጃል። ሲፈጅ ነው የሚያድን።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ በነጭ የተጠቀለለ፣ ለብቻው የሆነ፣ እህል የቀመሰ የማይነካው። በእናቴም ቤት ጸበል የሚቀመጠው እንዲሁ ነው። ሌላው ሰው ባያውቅ እኔ እንዴት አላውቅም?

«ጸበል አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ወደ ቧንቧው ሮጥኩ፤ ከትናንት በፊት ጀምሮ ውሃ የለም። ከበርሜሉ ሥር ሁለት ጆግ የማይሞላ ውሃ አገኘሁ። ዓይናቸውን ልከፍት ስል ይታገሉኛል። «አትጠበው! ጸበሉን አትጠበው!» ይላሉ። አዋላጇ መጥታ ጭንቅላታቸውን ያዘችልኝ፤ ውሃው ወዲያው አለቀ። ከተሰለፉት አንድ ሰውዬ ለታመመች ሚስቱ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣውን አንድ ጄሪካን ጸበል ይዞ ገባ። በኽምጣና የሆነ ነገር ነገራቸው። እማማ መታገላቸውን ተዉና ፊታቸውን ሰጡኝ። እስኪያልቅ አፈሰስኩት። ግን ብዙ ደቂቃ አልፎ ነበር፤ እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ድምፃቸውን እየሰማሁ ያለፈ ደቂቃ።

አምቡላንስ ሰቆጣ አደረሳቸው፣ ከዚያም ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኳቸው። ቀኝ ዓይናቸው ጠፋ። ግራው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም። የተጻፈው ሪፖርት «ሠራተኛዋ ባለማወቅ ተጠቅመው» ይላል። ፈረምኩበት። ስም ብጽፍበትስ ማንበብ አይችሉ እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ። ግን ያ ፕላስቲክ የመጠጥ ዕቃ ነበር፤ ከዚህ የሚያመልጥ ሰበብ የለኝም።

ከመስቀል በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ደጅ ላይ ሰፌድ ይዘው በእጃቸው እየዳሰሱ ምስር ይለቅማሉ። ጠጠሩም ምስሩም አንድ ላይ ወደ ሰፌዱ ይመለስ ነበር። መንገድ ላይ ስለማመደው የመጣሁትን ተናገርኩ፤ ጸበል እንዳልነበረ፣ የጨመርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ። እያለቀስኩ ነበር የተናገርኩት። ስጨርስ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ እጄን በዳበሳ ፈልገው ያዙኝ።

«አንተማ ምን አደረግህ? አትንኩ ብለኸኛል» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት። «እኔ ነኝ። ያን ቀን ጠዋት አፌን ስጉመጠመጥ አንድ ጉንጭ ውሃ ወርዶብኝ ነበር። ጾሜን ሳላፈርስ አልቀረሁም። እያወቅሁ ነካኋት። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንተ ነው።»

«እማማ፣ ጸበል አልነበረም» አልኩ።

«እሺ፣ ልጄ፣ አልነበረም» አሉኝ፣ እኔን ለማባበል፤ እጄንም አልለቀቁኝም።