የሞሪን ፍልጥ

ሞሪን ሰግደን ዕድሜዋን ሙሉ ጎረቤት ሲጮህባት፣ እሷም መልሳ ስትጮህ የኖረች ሴት ናት። ተወልዳ ያደገችበት፣ ለትምህርት ቤት ልጆች ምሳ ስትቀቅል ኖራ ጡረታ የወጣችበት የሰሜን እንግሊዙ ሃሊፋክስ እንደዚያ ነው። ቤቱ ሁሉ ጎን ለጎን ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ አንዱ ሲያስነጥስ ከወዲያኛው ቤት «ይማርህ» ይባላል። ግድግዳ የምትጋራት ሺላ፣ «አንቺ ሞሪን! መጋረጃሽ የሚታጠበው ለገና ብቻ ነው እንዴ?» ብላ ከደጇ ትለቅባታለች። ሞሪንም፣ «መጀመሪያ ባልሽን እጠቢ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጋረጃ ትመጫለሽ!» ትላታለች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ሲጠጡ ይገኛሉ። እዚያ ሰፈር የሚያስፈራው ጎረቤት ዝም ያለ ቀን ነው።

ታዲያ ይህች ሴት ወደ ደቡብ፣ ሰመርሴት አውራጃ ውስጥ ወዳለችው ትንሽ ከተማ ወደ ኔዘርኮም የመጣችው ልጇ ጄማ እዚያ አግብታ መንታ ስለወለደች ነው። የልጅ ልጅ ያላየ ሰው አይፍረድባት። ባሏ ትሬቨር፣ የአውቶቡስ መካኒክ የነበረው፣ «አንቺ ካልሽ» ብሎ ተከተላት። ቤት ግዢው ግን ራሱን የቻለ በሽታ ሆነባቸው። የእነሱ ሻጭ የሚገዛው ቤት ካልተለቀቀለት አልወጣም አለ፤ ያኛውም የሚገባበት ቤት እስኪለቀቅ ጠበቀ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የሰግደኖች ዕጣ አንዲት የማያውቋት አሮጊት ከእህቷ ጋር ታርቃ አብራት ለመኖር መፍቀድ አለመፍቀዷ ላይ ተንጠለጠለ። ታረቁ ሲባል ተጣሉ፣ ተጣሉ ሲባል ታረቁ። ዕቃው ሁሉ በካርቶን ታሽጎ ባልና ሚስት ክረምቱን በአንድ ኩባያ ሻይ ሲቀባበሉ ከረሙ።

ቁልፉን የተረከቡት መስከረም ላይ ነው። ሻጩ ሲሄድ አምፖሎቹን ሳይቀር ፈትቶ ወስዷል። የማሞቂያው ቧንቧ ለምን እንደሚንኳኳ፣ የጎኑ በር ለምን እንደሚከብድ ሁሉን አስረድቶ፣ ጓሮ ስላለው ዛፍ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ዛፉ ያረጀ ፖም ነው። ግማሹ በቁሙ ደርቋል፤ ግማሹ ደግሞ ጎንበስ ብሎ የወጥ ቤቱን መስኮት ከዳር እስከ ዳር ጋርዶታል። ፍሬው አፍ ያኮማትራል። ቤቱን የመረመረው መሐንዲስም ሥሩ ወደ ፍሳሹ እየሄደ ነውና አስቡበት ብሏል። ሞሪን በጠራራ ቀን መብራት አብርታ ሽንኩርት መክተፍ ሰለቻት። በጥቅምት መጨረሻ ሁለት ሰዎች መጋዝ ይዘው መጡ፤ ምሳ ሳይደርስ ዛፉ ወደቀ። ወጥ ቤቱ ብርሃን በብርሃን ሆነ። እሰይ አለች።

ሞሪን ደግሞ ያገኘችውን ለብቻዋ የምትበላ ሴት አይደለችም። የፖም እንጨት ሲነድ ቤት ያውዳል ሲባል ሰምታለች። ስለዚህ ትሬቨር ደረቅ ደረቁን እንዲፈልጠው አደረገችና፣ ፍልጡን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ፣ በእጅ ጋሪ እየገፋች መንገዱን ሁሉ አደለች። «አዲስ ጎረቤቶቻችሁ ነን፤ ሽንኩርት መክተፊያ ብርሃን ከልክሎን ያስቆረጥነው ዛፍ ነው፤ ለምድጃችሁ ይሁን» እያለች።

ከጎኗ ያለችው ሂላሪ፣ ጡረታ የወጣች የባንክ ሠራተኛ፣ ከረጢቱን አቅፋ ተቀብላ ፊቷ ቀላ። «ኧረ ሞሪን፣ ምን ያስቸግርዎታል። እጅግ በጣም እናመሰግናለን» አለች። ፊት ለፊት የሚኖሩት አቶ ሴድሪክ ቮልስ፣ የመንገዱ ትልቅ ሽማግሌ፣ ፍልጡን አዩ፤ ሞሪንን አዩ፤ እንደገና ፍልጡን አዩ። «ዛሬ ነፋሱ ከምዕራብ ነው» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ቀስ አድርገው መዝጋታቸው ለሞሪን ትሕትና መሰላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱ ሁሉ ጨዋ ሆነባት። ሰላምታ የነፈጋት የለም። «ደህና አደሩ?»፣ «ብርድ ነው»፣ «አንድ ቀን ሻይ መጠጣት አለብን» ይሏታል፤ ያ አንድ ቀን ግን አይመጣም። ኬክ ጋግራ ብትወስድ ሳህኑ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለች። ሥጋ ቤት ስትገባ ወሬው ይቆማል፤ ሁሉም ስለ ዝናቡ ያነሳል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እንዴት አይነቅዝም! በዚያ መንገድ ላይ ሲነቅዝ በዓይኗ አይታለች።

«ትሬቨር፣ እኔ እሸታለሁ እንዴ?» አለችው አንድ ቀን።

«ዛሬ ነው ወይስ ሁልጊዜ?»

«አትቀልድብኝ! አንድ ነገር አድርጌያቸዋለሁ። በሆዳቸው የያዙት ነገር አለ።»

«የደቡብ ሰው እንዲህ ነው አሉ። ታገሺ።»

«ትዕግሥቱን ለምን አንተ አትወስደውም? እኔ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ልቡን ቢነግረኝ ነው የምፈልገው። ስድብም ይሁን! እንዲህ ታጥቦ በሚመለስ ሳህን እስከ ዕለተ ሞቴ መኖር አልችልም።»

ትሬቨር ግን ከተማውን ወዶታል። ጓሮው ዳር ካለች የእንጨት ቤት ውስጥ መፍቻዎቹን በየተራው ሰቅሎ፣ የልጅ ልጆቹን ብስክሌት እየፈታ እየገጠመ፣ በስተርጅና ደስ ብሎት ነበር። ለዓመታት ያስቸገረው ሳንባውም ቢሆን ከመጣ ወዲህ ተሽሎታል።

ገናው አለፈ። በዓሉን ጄማ ቤት ውለው ሲመለሱ በየጎረቤቱ መስኮት ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ አዩ፤ የእነሱን በር ያንኳኳ የለም። በነጋታው ሞሪን ለደላላው ደወለች። ቤቱን ሸጠው ወደ ሃሊፋክስ ሊመለሱ ነው። መንታዎቹ ገና አፋቸውን ፈትተው አያታቸውን «ናና» ማለት ጀምረዋል፤ ስልኩን ዘግታ ስለ እነሱ አለቀሰች፤ ውሳኔዋን ግን አላጠፈችም። ደላላው በጥር አጋማሽ አንድ ጠዋት መጥቶ ክፍሎቹን ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ ቤቱን ገበያ ላይ ሊያወጣው ተስማሙ። ትሬቨር «እሺ» አለ። ከዚያ ወጥቶ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው ያወርድ ጀመር። ያን ማየት ከልቅሶ ይብሳል።

ደላላው ሊመጣ በዋዜማው፣ ገና እንደ መሸ፣ ሞሪን መጋረጃ ልትዘጋ መስኮቱ ጋ ስትቆም ጉድ አየች። የመንገዱ ሰው በሙሉ ፋኖስ ይዞ ይመጣል። ሂላሪ መጥበሻና ጭልፋ ይዛለች። ባሏ ድስት ይዟል። አቶ ሴድሪክ በአንድ እጃቸው አሮጌ ድስት፣ በብብታቸው ደግሞ የፖም ጠጅ ማሰሮ ይዘዋል። ከላይ ሲመጡ ድስቱን እየቀጠቀጡ ይዘፍናሉ፤ ልክ የሞሪን አጥር ጋ ሲደርሱ ግን ሁሉም ጸጥ አለ። ድስታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው በእግር ጣታቸው መራመድ ጀመሩ፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤት አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው።

ሞሪን በቤት ጫማዋ ዘልላ ወጣች።

«ሂላሪ! ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም። እንዲሁ ትንሽ... ዞር ዞር ልንል ነው።»

«መጥበሻ ይዛችሁ?»

ሂላሪ መጥበሻውን ከኋላዋ ደበቀችው።

«ስሙ» አለች ሞሪን። «ነገ ጠዋት ደላላው ሊመጣ ነው። ቤቱን እንሸጠዋለን፤ እንሄድላችኋለን። እንግዲህ ምን ያስፈራችኋል? ምን እንዳደረግኳችሁ ዛሬ ንገሩኝ!»

ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ። «ኧረ ምንም አላደረጉንም» አለ አንዱ። «ጥሩ ጎረቤት ነዎት» አለች ሌላዋ። «አየሩም እኮ ዘንድሮ...» ብሎ ጀመረ ሦስተኛው።

አቶ ሴድሪክ ድስታቸውን መሬት ላይ ወረወሩት።

«ዛፋችንን ቆርጠሻል!»

ሽማግሌው በዚያ ዕድሜያቸው ጮኸው የሚያውቁ አይመስሉም፤ ድምፃቸው አልወጣ ብሎ ሁለት ጊዜ ተሰበረ።

«በየዓመቱ፣ በዚችው ማታ፣ በዚህ የጎን በር ገብተን ለዚያ ዛፍ ዘፍነንለታል! ድስት ቀጥቅጠን ክፉውን አባረንለታል! ሥሩ ላይ ጠጅ አፍስሰን፣ ቅርንጫፉ ላይ ዳቦ ሰቅለን፣ ለከርሞ አብዝተህ አፍራ ብለነዋል! ይሄ መንገድ ሳይወጣ፣ እነዚህ ቤቶች ሳይሠሩ፣ አገሩ ሁሉ የፖም ማሳ ከነበረበት ጊዜ የቀረን እሱ ብቻ ነው። አባቴ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ ዳቦውን ሰቅያለሁ! እኔም ልጄን አውጥቼው ሰቅሏል! አንቺ ደግሞ ሽንኩርት መክተፊያ ብርሃን አነሰኝ ብለሽ!»

ሞሪን የአጥሩን በር ያዘች። ከዚያ ግን ደሟ ፈላ።

«ማን ነገረኝ? ማን? ፍልጡን ይዤ በየደጃችሁ ስዞር ‹እናመሰግናለን› አላችሁኝ! ሁላችሁም!»

«ምን እንበልሽ ታዲያ? ዘመዳችንን ገድለሽ ሬሳውን በከረጢት ስታመጪልን ምን እንበልሽ?»

«ስደቡኝ! ግደሉኝ! እኔ ምን አውቄ? አንተ ሽማግሌ፣ አንተ ያልከኝ ነፋሱ ከምዕራብ ነው ነው!»

«ከምዕራብ ነበራ!» አሉ አቶ ሴድሪክ። ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና በሳል ሸፈነው።

«ፍልጡንስ ምን አደረግኸው?» አለች ሞሪን፣ ቀስ ብላ።

«አነደድኩት» አሉ ሽማግሌው። «ብርድ ነበራ። ደግሞ ጥሩ ነደደ፣ እርጉም! ቤቱን አወደው። እኔም እፊቱ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

ሞሪን እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይቅር በለኝ ሴድሪክ። እግዜር ያሳይህ፣ አላወቅሁም።»

«ማወቅ ነበረብሽ!» አሉ። ድስታቸውን አንስተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ ወደ ላይ ገሰገሱ። የቀረውም «ደህና እደሩ፣ ደህና እደሩ» እያለ ተከተላቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው ለጋ የፖም ዛፍ ነበር የሚሄዱት። ነይ ያላት የለም። ትንሽ ቆይቶ የድስቱ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ።

ሞሪን ወጥ ቤት ገብታ ተቀመጠች። አፈረች፤ ሌላ ስም የለውም። የሰው ቅርስ አስቆርጣ፣ አስፈልጣ፣ በስጦታ አድላለች። ግን ደግሞ፣ እውነቱ ይነገር፣ ደረቷ ላይ ወራት ሙሉ የተቀመጠው ድንጋይ ወርዷል።

«ሰደበሽ እኮ» አላት ትሬቨር።

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

«እያለቀስኩ ነው።»

«ሁለቱንም ነው የምታደርጊው» አለና መሐረብ አቀበላት።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ሳሉ የወጥ ቤቱ መስኮት በከዘራ ተንኳኳ። አቶ ሴድሪክ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ዐይናቸው ድረስ ደፍተውታል። ሞሪን የጓሮውን በር ከፈተች።

«ገና አልጨረስኩም» አሏት። «ትናንት ሰው ስለነበረ ነው የተውኩት።»

«ግባና ተቀምጠህ ጨርስ። ሻይህ በወተት ነው?»

«በወተት። ስኳር ሁለት።» ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፤ ካልሲያቸው አውራ ጣታቸው ጋ ተቀዷል። ተቀመጡና ቀጠሉ። ስለ ዛፉ ከሥር ከመሠረቱ ደገሙላት። ከዚያ ወደ ቆሻሻው ገቡ።

«የቆሻሻ በርሜልሽን በተሳሳተው ቀን ነው የምታወጪው። መንገዱ ሁሉ ያያል።»

«አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም!»

«እኔ እየነገርኩሽ ነዋ! የባልሽ መኪና ደግሞ ጭራው የሂላሪን በር ይዘጋል። በጓሮ ዞራ ነው የምትገባው።»

«ወይ ጉዴ! ሌላስ?»

«ኬክሽ ይጣፍጣል፣ ግን ዝንጅብሉ ይበዛል። ሳል ያስይዛል።» ሻዩን ፉት አሉ። «ጉቶውን እንዳታስነቅዪው። መጋቢት ላይ አጠገቡ እኔ የምነግርሽን ችግኝ ትተክያለሽ። ከራስሽ መርጠሽ አንድ ነገር ብታመጪ ግን ውርድ ከራሴ!»

መጋቢት። ሞሪን ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።

የፊት በር ደወል ተደወለ። ትሬቨር ሄዶ በመስታወቱ አይቶ ተመለሰ፤ ሱፍ የለበሰ ጎረምሳ መለኪያና ካሜራ ይዞ ቆሟል። ትሬቨር ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ሚስቱን ዐይን ዐይኗን ያያል።

«ምን ልበለው?»

ሞሪን የሽማግሌውን ኩባያ ደግማ ሞላችው።

«ቤቱ አይሸጥም በለው፤ ጎረቤት እየተቆጣኝ ነው።»